መጀመሪያ ሚዛኑ፣ አሥራቱ ኋላ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ገንዘብ ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነው። ለአዲስ አንባቢዎች ልንገራችሁ፤ እኔ ካህን አይደለሁም፣ ሰባኪም አይደለሁም። ከ1974 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ለንስሐ አባት የሚገባውን ጥያቄ ወደ ንስሐ አባት እልካለሁ። የቀረውን እንደ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ፣ እንደ አንዲት ምእመን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጤፍ፣ ምስርና ሽሮ የምቸረችርበት ሱቅ አለኝ። እህሉን ከእህል በረንዳ በኩንታል እያመጣሁ በኪሎ እሸጣለሁ። ሱቁን ከአጎቴ ነው የተረከብኩት፣ ከነሚዛኑ። ሚዛኑ በኪሎ 50 ግራም ያጎድላል። አውቃለሁ። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ነጋዴ ሁሉ እንዲሁ ነው። እኔ ብቻ ሙሉ ብመዝን ዋጋዬ ይወደድና ደንበኛ ይሸሸኛል። ሰባቱንም አጽዋማት እጾማለሁ። አሥራት በየወሩ አወጣለሁ፤ ለደብራችን ጣሪያም 20 ሺህ ብር ሰጥቻለሁ። ዘንድሮ ግን ጾሙ ከገባ ጀምሮ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሚዛኑ ዓይኔ ላይ ድቅን ይላል። አሥራቱን ባበዛው ይበቃ ይሆን?

መልስ፦ አይበቃም፣ ልጄ። ደብዳቤህን ግን ወድጄዋለሁ። ግራሙን ሳትደብቅ ጽፈሃል፤ ብዙ ሰው «አንዳንድ ስህተት አለብኝ» ብሎ ነው የሚያልፈው።

50 ግራም ትንሽ ትመስላለች። እስቲ እንደምራት። በኩንታል 5 ኪሎ ትሆናለች። በቀን ሁለት ኩንታል ትሸጣለህ እንበል፤ 10 ኪሎ ነው። በወር 26 ቀን ብትከፍት 260 ኪሎ። ከሁለት ኩንታል ተኩል በላይ! ይህን እህል ሌላ ሰው ገዝቶታል፣ ገንዘቡንም ከፍሏል፤ እህሉ ግን አንተው ጋ ቀርቷል። አሥራት የሚወጣው ደግሞ ከራስ ገንዘብ ነው። በዚያ 260 ኪሎ ላይ የምታወጣው አሥራት የጎረቤትህ ልጆች እንጀራ ነው። ጣሪያውም እንዲሁ።

ነቢዩ አሞጽ የአንተን ሙያ ሰዎች አግኝቷቸው ነበር። ምዕራፍ 8ን ዛሬ ማታ አንብበው። ሰንበትና መባቻ የሚያከብሩ የእህል ነጋዴዎች ናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። በልባቸው ግን «ይሄ በዓል መቼ ነው የሚያልፈው? ከፍተን በትንሽ መስፈሪያ እንሽጥ» ይላሉ። ልብ በል፣ በዓል ሽረዋል ተብለው አልተከሰሱም። ነቢዩ የተቆጣው በመስፈሪያቸው ነው። ምስርና ሽሮ በጣም የሚሸጠው በጾም ስለሆነ ነገሩ አንተንም ሳይነካህ አይቀርም።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ፤ ፍርሃትህ እውነተኛ ስለሆነ በጥቅስ አላልፈውም። ለምሳሌ ያህል አንድ ኪሎ 100 ብር ነው እንበል። አንተ 950 ግራም በ100 ብር እየሸጥክ ከሆነ፣ እውነተኛው የኪሎ ዋጋህ 105 ብር ከ26 ሳንቲም ነው። እንግዲያው 105 ብር ብለህ ለጥፍና ሙሉ ኪሎ መዝን። ትርፍህ እዚያው አካባቢ ነው። የሚለወጠው ደንበኛህ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ውድ ነጋዴ መሆን ኃጢአት አይደለም፤ ሰው ዋጋህን አይቶ አልፎህ መሄድ ይችላል። የጎደለ ሚዛን ግን አይታየውም። መጀመሪያ አካባቢ ደንበኛ ይቀንስብህ ይሆናል፣ አልዋሽህም። ግን የኢትዮጵያን እናት አትናቃት። ቤቷ ወስዳ፣ ጎረቤት ሚዛን ላይ አስቀምጣ ታረጋግጣለች። አንዴ ካረጋገጠች ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ይዛልህ ትመጣለች።

ሱቅህ ውስጥ የሚመዝን ልጅ ካለም አስቀምጠህ ንገረው። «እስከ ዛሬ ያስተማርኩህ ስህተት ነበር» በለው። ከሁሉም የሚከብድህ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ያለፈውስ? ዘኬዎስን ታውቀዋለህ፣ ሉቃስ 19። ያ ቀራጭ «ይቅርታ አድርግልኝ» ብሎ ብቻ አልተቀመጠም። ከሀብቴ እኩሌታውን ለድሆች፣ የበደልኩት ካለ አራት እጥፍ አለ። ሰውዬው ሒሳብ ሠራ! ኦሪት ዘኍልቁ 5፥7 ደግሞ ዋናውን መልስ፣ አንድ አምስተኛም ጨምርበት ይላል። ቋሚ ደንበኞችህን ታውቃቸዋለህ። ለእነሱ ለተወሰኑ ወራት ከኪሎው በላይ እየጨመርክ ስጥ፤ ጭማሪው ዕዳ እንጂ ምርቃት እንዳልሆነ ግን አንተ እወቅ። የማታውቃቸውን ድርሻ ለድሆች። ስንት፣ እስከ መቼ የሚለውን የንስሐ አባትህ ይወስኑልህ። ስትሄድ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ ሂድ። «በንግዴ አጎድላለሁ» ብቻ ካልካቸው እሳቸውም «ተው» ብቻ ብለው ይሸኙሃል።

ይህን ሁሉ የምልህ ከላይ ሆኜ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ደሴ ሄጄ በአራት ቀን ተመለስኩ። አበሉን ግን የስድስት ቀን ሞላሁት። ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርገው፤ አንተም ያልከውን ማለቴ ነው። የሁለቱ ቀን 74 ብር ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ስሰግድ 74 ብር ስሰግድ 74 ብር። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ሒሳብ ሠራተኛ አይደለሽም እንዴ? መልሺዋ» አሉኝ። አንድ አምስተኛ ጨምሬ 88 ብር ከ80 ሳንቲም ይዤ ገንዘብ ያዟ ጋ ሄድኩ። ልጅቷ ግራ ገባት። «በምን ርዕስ ልቀበልዎት?» አለችኝ። «ልዩ ልዩ ገቢ በይው» አልኳት። ሞዴል 64 ቆረጠችልኝ። ደረሰኙ እስከ ዛሬ ዳዊቴ ውስጥ አለ። በእጄ ካለፉት ደረሰኞች ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከቤይሩት ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው። እሑድ አይለቁኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ረቡዕና ዓርብ ለማዳም ሥጋ ስሠራ ጨው መቅመስ አለብኝ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ስተኛ ለጸሎት መቆም ያቅተኛል። ክርስትናዬ የቀረ ይመስለኛል።

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ሰባት ወር መቁጠርሽ ራሱ እንዳልቀረ ይነግረኛል።

ነህምያን አስቢው። የንጉሥ ወይን ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ ሰው ቤት የሚያገለግል፣ በሰው አገር። ንጉሡ ጥያቄ ሲጠይቀው ከመመለሱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ ይላል፣ ምዕራፍ 2፥4። ዕቃውን አስቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ነጠላ አጣፍቶ አይደለም። እዚያው ቆሞ ነው። አንቺም የቡና ትሪ ይዘሽ ከወጥ ቤት ሳሎን እስክትደርሺ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስንት ጊዜ ይባላል? ቁጠሪው። ውዳሴ ማርያም ለየቀኑ የተከፈለ ነው፤ የዕለቱን ብቻ ልብስ ስትተኩሺ በስልክሽ ስሚው።

ስለ ጨው፦ በማንኪያ ለክተሽ ልመጂው። ለአንድ ድስት ስንት ማንኪያ እንደሆነ አንዴ ካወቅሽ መቅመስ አያስፈልግሽም። ካልሆነ ከቤቱ ሰው አንዱ ይቅመስልሽ። ስለ ጾሙ በአጠቃላይ ግን አገር ቤት ላሉት ንስሐ አባትሽ ደውዪ፤ ያለሽበትን ሁኔታ በዝርዝር ንገሪያቸው። ራስሽ ላይ አትፍረጂ።

በወር አንድ እሑድም ጠይቂ። ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት አትክልት ብቻ ልብላ ሲል ዝም ብሎ አላኮረፈም፤ «አሥር ቀን ፈትነን» ብሎ ተደራደረ። በነገራችን ላይ የሊባኖስ ኦርቶዶክሶች ፋሲካን የሚያከብሩት በእኛው ቀን ነው። ለማዳም የአንድ ቀን ፈቃድ ስትጠይቂ ያን እሑድ ብታስቀድሚ እሷም ነገሩ እንግዳ አይሆንባትም።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የምነካው ስልኬን ነው። ቲክቶክ ላይ አንድ ሰዓት ይሄዳል፤ ጸሎት ሳላደርግ ወደ ክፍል እሮጣለሁ። በየዓመቱ ለመስከረም አንድ እወስናለሁ፣ መስቀል ሳይደርስ ይፈርሳል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ።

መልስ፦ ስልክህን ማንቂያ ታደርገዋለህ መሰለኝ። የማንቂያ ሰዓት ግዛ። ስልኩ ከአልጋህ ርቆ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ይደር። ለመስከረም አንድ ደግሞ አትጠብቅ፤ ነገ ማክሰኞም ቢሆን ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ 52 ዓመቴ ነው። እናታችን ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። የአርባዋን ተዝካር 46 ሺህ ብር አውጥቼ እኔ ደገስኩ። እህቴ ግማሹን እችላለሁ ብላ 8 ሺህ ብቻ ሰጠችኝ። ቀሪውን ስጠይቃት «ማን ይህን ያህል ደግሺ አለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። አንድ ደብር ነው የምንሳለመው። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፤ አፋችን ታረቀ፣ ልባችን አልታረቀም። እሷ ላይ ገንዘብ ያለኝ እኔ ሆኜ ሳለ ለዕርቅ የምሄደው እኔ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ። አዎ፣ አንቺ ነሽ።

ማቴዎስ 5፥23ን ደግመሽ እዪው። መባህን ስታቀርብ አንተ የተቀየምከው ሰው ትዝ ካለህ አይልም። ወንድምህ *በአንተ ላይ* አንዳች ነገር እንዳለው ካሰብህ ነው የሚለው። እኛ ሁሌ ገልብጠን ነው የምናነበው። ስለዚህ ጥያቄው የእሷ ዕዳ ስንት ነው የሚል አይደለም፤ እሱን አንቺም እኔም እናውቀዋለን፣ 15 ሺህ ብር ነው። እሷ በአንቺ ላይ ያላት ምንድን ነው? ደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ቃል አለች፤ «እኔ ደገስኩ»። ስንት እንስራ ጠላ፣ ስንት ሰው፣ በሬ ይታረድ ወይስ በግ፣ አማክረሻታል? የእሷም እናት እኮ ናት።

ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ምን ታደርጊያለሽ? እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ከአጠገቤ ላለችው፣ ስሟን እንኳ ለማላውቃት ሴትዮ፣ በደስታ ጎንበስ እላለሁ። የማታውቂው ሰው ቀላል ነው፤ ተዝካር አብሮሽ አልደገሰም። እህትሽ ከዓምዱ ኋላ ቆማለች።

ለላይኛው ልጅ ግራም አስቆጥሬ አንቺን ደብተርሽን ዝጊ ማለቴ ግራ ያጋባሽ ይሆናል። እሱ የሚቆጥረው ያለበትን ነው፤ አንቺ የምትቆጥሪው ያለሽን። በእኛ ሙያ «የማይሰበሰብ ሒሳብ» የሚባል ነገር አለ። ዓመታት አልፎት ተስፋ የሌለው ተሰብሳቢ በውሳኔ ይሰረዛል። ከተሰረዘ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አያነሳውም። አንቺም 15 ሺውን ሠርዢው። ሠርዤዋለሁ ብለሽ ግን እንዳትነግሪያት! እሱ እንደገና ማስከፈል ነው።

አሁን ለምን በአዘቦት ቀን ብቻሽን አትሄጂም? ሽማግሌ አያስፈልግም። ቡና ይዘሽ ሂጂ። «ይቅር ብዬሻለሁ» አትበያት። «ያኔ ሳላማክርሽ መደገሴ ከፍቶሽ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያትና ዝም በይ። ትናገር። ቢያስለቅስሽም አታቋርጫት፤ ቡናው ሦስተኛው ድረስ ጊዜ አለ።

ምናልባት ራሷ ገንዘቡን ላምጣ ካለች ለሙት ዓመቱ አብራችሁ አውሉት። የሚደገሰውን ግን በዚህ ጊዜ እሷ ትምረጥ።