የጉዞው ማብቂያ እራት፦ ባንኮክ ውስጥ ለብቻ ሲበላ

ጥያቄ፦ የሥራ ጉዞዬ የሚያበቃው ባንኮክ ነው። ጉዞውን በሙሉ ከባልደረቦቼ ጋር ስበላ ስለምቆይ፣ የመጨረሻዋን ምሽት ለብቻዬ ጥሩ የታይ ምግብ ቤት ገብቼ ረጋ ብዬ መብላት አምሮኛል። ሜኑው ግን ለቡድን የተሰናዳ ይመስላል። አንድ ሰው ምን ያህል ይዘዝ? ብቻዬን መቀመጤስ አያስነውርም?

መልስ፦ ፈጽሞ አያስነውርም። ባንኮክ ውስጥ ምሳውን ብቻውን በአንድ ሳህን በልቶ የሚነሳው ሰው ብዙ ነው። ፓድ ክራፓው (የበሶብላ ዘመድ በሆነ ቅጠል፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ሩዝ ላይ የሚደረግ ሥጋ) ወይም ካው ማን ጋይ (በዶሮ መረቅ የበሰለ ሩዝ ከቅቅል ዶሮ ጋር) ከመነሻቸው ለአንድ ሰው የተመጠኑ ናቸው። ቢርብዎት «ፒሴት» ይበሉ፤ ትንሽ ጨምረው ከፍለው ሳህኑ ሞላ ብሎ ይመጣል።

ችግሩ ያለው ተለቅ ያሉት ምግብ ቤቶች ጋ ነው። እዚያ ወጡም ጥብሱም ገበታው መሐል ይቀመጥና ሁሉም ወደየራሱ ሩዝ እየጨለፈ ይበላል። ወጥ ቤቱ ደግሞ ተራ አይጠብቅም፤ የደረሰውን ያወጣል። ሦስት ዓይነት ያዘዘ ብቸኛ ተመጋቢ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይቀርቡለትና አንዱን ሲበላ ሁለቱ ይበርዱበታል። ስለዚህ አንድ በአንድ ይዘዙ፤ ሁለተኛውን የሚጠሩት የመጀመሪያው ገበታ ላይ ሲደርስ ነው።

ልኩ አንድ ዋና ምግብ፣ አንድ ሳህን ነጭ ሩዝ፣ ከዋናው ጋር የሚቃረን አንድ ቀለል ያለ ነገር ነው። ማቃረኑን አደራ፣ አይዝለሉት። ዋናው የኮኮናት ወተት ያለበት ወጥ ከሆነ ቅባትና ጣፋጭነት ስለሚያመዝንበት፣ ጎኑ ኮምጠጥ ያለ ሶም ታም (በሙቀጫ የተወቀጠ የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ) ወይም ፓድ ፓክ ቡንግ የሚባለው የጎመን ዓይነት ጥብስ ይሁን። ሁለት የኮኮናት ወጥ ጎን ለጎን ካዘዙ ግማሹ ላይ ሳይደርሱ ይሰለችዎታል። ወጡን ብቻ ከፈለጉ «ራት ካው» ይበሉ፤ በአንድ ሳህን ሩዝ ላይ ይፈስልዎታል።

ቶም ያም የተባለውን ኮምጠጥ ያለ የሚያቃጥል ሾርባ ሲያዝዙ «ቱዋይ» ማለትዎን አይርሱ፤ በትንሽ ሳህን ማለት ነው። «ሞ ፋይ» ካሉ ከሥሩ እሳት ያለው ድስት ይመጣል፤ እሱ ለብዙ ሰው ነው። ዩኔስኮ በ2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በሽሪምፕ የሚሠራውን ቶም ያም ኩንግ ነው፤ የመጨረሻ ምሽት ላይ ሊመረጥ ይገባዋል። ውስጡ ያለው ጠጅ ሣር፣ እንደ ዝንጅብል ያለው ሥርና ጠንካራው ቅጠል ለመዓዛ የገቡ ስለሆኑ አይታኘኩም፤ ወደ ጎን ይተዋሉ።

አበላሉ ላይ፣ ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ ነው። ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል እንጂ አፍ አይገባም። ቾፕስቲክ በአመዛኙ ለኑድል ነው፤ ተጣባቂው ሩዝ ደግሞ በእጅ እየተድቦለቦለ ይበላል። ጉዞዎ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ከዋለ የማንጎው ወቅት ነውና ማንጎ ከተጣባቂ ሩዝ ጋር ሳይበሉ አይነሱ።

ጥያቄ፦ ማቃጠሉን እፈራለሁ። «አታቃጥሉት» ማለት ይበቃል?

መልስ፦ እንደ ምግቡ ይለያያል። ሶም ታም እርስዎ ካዘዙ በኋላ ስለሚወቀጥ ቃሪያውን በቁጥር ማዘዝ ይችላሉ፤ «ፕሪክ ሶንግ ሜት» ሁለት ፍሬ ማለት ነው። ጥብስም በየሳህኑ ስለሚሠራ «ፔት ኒት ኖይ» (ትንሽ ብቻ ያቃጥል) ቢሉ ይሰማል። አረንጓዴው ወጥ፣ ኬንግ ኪያው ዋን፣ ግን ቅመሙ ከነቃሪያው አስቀድሞ ተወቅጦ ያደረ ነው፤ አስተናጋጁ ራሱን ቢነቀንቅም ወጥ ቤቱ ሊያወጣው አይችልም። በእሱ ፋንታ ማሳማን የሚባለውን ወጥ ይዘዙ፤ ለስላሳ ነው።

ገበታው ላይ የሚቀመጡት አራት ዕቃዎች ስኳር፣ የቃሪያ ዱቄት፣ ቃሪያ የገባበት ኮምጣጤና ቃሪያ የገባበት የዓሣ ሶስ ናቸው። በተለይ ለኑድል ነው የሚቀርቡት። መጀመሪያ ይቅመሱ፣ ከዚያ በሩብ ማንኪያ እየጨመሩ ያስተካክሉ። አፍዎ ከተቃጠለ ውሃ ብዙም አይረዳዎትም፤ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ውሃ ውስጥ አይሟሟምና። ነጭ ሩዝ ይጉረሱ፣ ወይም ወተት ያለበትን ቀዝቃዛ ሻይ፣ ቻ ዬን፣ ይጠጡ።

ጥያቄ፦ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር አልበላም። «ሥጋ የለውም» ቢሉኝ ልመን?

መልስ፦ አይመኑ። ሥጋ ባይኖረውም የዓሣ ሶስ ወይም የኦይስተር ሶስ ይገባበታል፤ የወጡ ቅመም ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ከሽሪምፕ የተሠራ ካፒ አለ። የሚያድንዎት ቃል «ጄ» ነው። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ የጄ ምልክት ያለበት ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት አያስገባም፤ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም እንኳ አይጠቀምም። «ማንግሳዊራት» ካሉ ግን እንቁላልና ወተት ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ አውሮፕላኔ የሚነሳው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። እራቴን ስንት ሰዓት ልብላ? ምንስ ልተው?

መልስ፦ ከመነሻው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ሱቫርናብሁሚ አውሮፕላን ማረፊያ ሦስት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ከፓያ ታይ ጣቢያ የሚነሳው የኤርፖርት ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ታክሲ ግን በምሽቱ መጨናነቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሻንጣ ለማንሳት ጊዜ ሲጨመር፣ ከበረራው አምስት ሰዓት በፊት ከገበታ ቢነሱ ጥሩ ነው። ቀደም ብሎ መግባት ለብቸኛ ተመጋቢ ጥቅም አለው፤ ምግብ ቤቱ ሳይሞላ ጥሩውን ወንበር ያገኛሉ።

የሚተዉት ይህን ነው፦ ጥሬ ሸርጣን የገባበት ሶም ታም፣ በዓሣ ሶስ የተነከረ ጥሬ ሽሪምፕ፣ ለብ ብሎ የቆየ የቡፌ ሩዝ። ለብ ባለ ምግብ ላይ የሚራቡ አንዳንድ ባክቴሪያዎች መርዛቸው ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ያስመልሳል፤ ያ ሰዓት ደግሞ እርስዎ መንገድ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም አየር ላይ የሚሆኑበት ነው። ጋዝ ያለው መጠጥም ይቅርብዎ፤ በአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ሆድ ውስጥ ያለ ጋዝ ይሰፋል። መሐሉ ቀዳዳ ያለው ክብ በረዶ ከፋብሪካ የሚመጣ ነውና ብዙ አያስጨንቅዎ።

ጥያቄ፦ ሜኑው ላይ ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት አየሁ። ምንድን ነው? የተረፈኝን የታይ ገንዘብ (ባት)ስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ 10 በመቶ የአገልግሎትና 7 በመቶ ቫት ይጨመርበታል ማለት ነው። 300 ባት የተጻፈው ሲከፈል 353 ባት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ትንሽ ቤት ከሆነ 20 ባት መተው ደግ ነው። ሂሳብ ለመጠየቅ «ቼክ ቢን» ይበሉ። ኮድ በስልክ እየቃኙ የሚፈጽሙት ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከታይ ባንክ ሂሳብ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ባለ 20ና ባለ 100 ኖት ይያዙ፤ ለባለ 1000 ትንንሽ ቤቶች መልስ ያጣሉ።

ገንዘብ መንዛሪዎች ሳንቲም አይቀበሉም፤ የመጨረሻውን ሂሳብ ሲከፍሉ ሳንቲሙን ያስቀድሙ። ገንዘቡ ካነሰብዎት አሶክ ጣቢያ አጠገብ ባለው ተርሚናል 21 የገበያ ማዕከል ውስጥ ፒር 21 የተባለ የምግብ አዳራሽ አለ። መግቢያው ላይ ካርድ ላይ ገንዘብ ያስሞላሉ፣ ከየመደቡ በትንሽ ሳህን ያዝዛሉ፣ የተረፈውን ሲወጡ ይመልሱልዎታል። የዓሣ ሶስ ወይም የወጥ ቅመም ከገዙ በሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስገቡት፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፣ ተወቅጦ የረጠበው የወጥ ቅመምም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል።