ዘንግ የሌላት ካምሪ፦ የካምቢዮ ዘይት እንዴት ይታያል?

«የ2012 ካምሪ አለችኝ፣ ባለ አራት ሲሊንደር። ቨርጂኒያ ውስጥ ኡበር እሠራባታለሁ። ጠዋት ከፒ ወደ ዲ ሳስገባት ዘግየት ብላ ነው የምትይዘው። የካምቢዮ ዘይቷን ልይ ብል መለኪያ ዘንጉን አጣሁት። የት ነው ያለው?» ይላል አንድ አንባቢ።

ወንድሜ፣ አትድከም፤ የለም። ኮፈኑን ከፍተህ የምታየው ዘንግ የሞተር ዘይት ነው። የዚህ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ መለኪያ ከታች ነው ያለው፣ ኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ ሳህን) ላይ። እዚያ በ6 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ የሚፈታ ብሎን አለ። ከብሎኑ በላይ አንዲት አጭር ቱቦ ውስጥ ቆማለች። ዘይቱ ከቱቦዋ አፍ ካለፈ ይፈስሳል፣ ካልደረሰ አይፈስም። በቃ፣ መለኪያው እሱ ነው።

ግን ይህ የሚሠራው ሞተሩ ተነሥቶ፣ ዘይቱም በልኩ ሞቆ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከፈታኸው፣ የተሰራጨው ዘይት ወደ ኮፓው ስለተመለሰ ብዙ ይወርዳል። «ለካ ሞልቶ ነበር» ትልና ደህናውን ዘይት ትደፋለህ። በጣም ግሎ ካየኸውም ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋ መውጣት የሌለበት ይወጣል። በብርድ ልኩን ካስተካከልክ ደግሞ ሲሞቅ ይበዛል። ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እየው፤ በእናንተ አገር አቆጣጠር ከ104 እስከ 113 ፋራናይት መሆኑ ነው።

ሙቀቱን በእጅ መገመት አይቻልም። የካምቢዮ ሙቀት የሚያነብ ስካነር (መኪናዋ ላይ ተሰክቶ መረጃዋን የሚያሳይ መሣሪያ) ያዝ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ብቻ ነው የሚያሳዩት፣ ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ። ሥራ ውለህ እንደገባህም አትጀምር፤ መኪናዋ ትቀዝቅዝ።

አራቱም ጎማ እኩል ይነሣ፣ በድጋፍ ላይ ይቁም። ፊቷን ብቻ ካነሣህ ልኩ ይዛባል። በክሪክ ብቻ ተማምነህ ደግሞ ከሥር እንዳትገባ! ጋራዥ ውስጥ ከሆንክ በሩን ክፈት።

የታችኛውን ከመንካትህ በፊት የመሙያውን ብሎን ፍታ። በ24 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል፣ በሾፌሩ በኩል የፊት ጎማውን አውልቀህ ትደርስበታለህ። እሱ እምቢ ካለ ሥራውን እዚያው ተወው፤ ዘይት አፍስሰህ መሙያ ማጣት የለየለት ጣጣ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነሣ። ፍሬን ይዘህ ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ እያልክ ቀስ ብለህ አዳርሰውና ወደ ፒ መልሰው። ሙቀቱ ሲደርስ ሞተሩን ሳታጠፋ የታችኛውን ፍታ። ቀጠን ብሎ ከወረደ ልክ ነው። በኃይል ከወረደ እስኪቀጥን ጠብቀህ ዝጋ። ጭራሽ ካልወረደ ከላይ ቶዮታ ደብልዩ ኤስ ዘይት ጥቂት ጥቂት ጨምር፣ ከታች ጠብ ጠብ ማለት እስኪጀምር። ስትዘጋ የብሎኑን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ የሚገባውን ቀለበት) አዲስ አድርገው።

ጎድሎ ካገኘኸው ጨምረህ ብቻ አትሂድ። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈስሷል። አክሱሎቹ ካምቢዮው ውስጥ የሚገቡበትን ዘይት የሚያግድ የላስቲክ ማኅተም፣ የኮፓውን ዙሪያና ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄዱትን ቱቦዎች በባትሪ እያበራህ እያቸው። ልኩ ደህና ሆኖ ማርሹ አሁንም ከዘገየ ዘይት መጨመሩን ተወው። የወጣውን ዘይት ቀለምና ሽታ እይ። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ፣ ዘይት ከመቀየርህም በፊት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ባለሙያ ዘንድ ወስደህ የብልሽት ኮዱን አስነብብ።