የመረረህ ጂኑ ሳይሆን ሎሚው ነው

ወንድሜ፣ «ከውጭ የተላከልኝን ክራፍት ጂን እንዴት ልቅመሰው? እዚህ ባሕር ዳር በሎሚና በስኳር ስቀላቅለው ለምን ይመረኛል?» ላልከው፣ ችግሩ ከጠርሙሱ ሳይሆን ከአጨማመቁ ሳይሆን አይቀርም። (ክራፍት ጂን የሚባለው በአነስተኛ ማምረቻ በጥቂት በጥቂቱ የሚወጣ ጂን ነው።) ግን መጀመሪያ ጂኑን ብቻውን ቅመሰው፤ የሎሚው መጠን የሚወሰነው በእሱ ነው።

20 ሚሊ ሊትር ያህል ያለ በረዶ ቅዳ፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ያፍነዋል። አፍንጫህን ብርጭቆው ውስጥ አትክተት፣ አልኮሉ ያደነዝዘዋል። አፍህን ገርበብ አድርገህ ከጠርዙ አሽትት። ቀድሞ መምጣት ያለበት የጥድ ፍሬ ነው፤ ያለ እሱ ጂን የለም። ከኋላው ድንብላል፣ የሎሚ ወይም የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዳንዴም የኮረሪማ ዘመድ የሆነው ሄል ይከተላል። ትንሽ ተጎንጭተህ ምላስህ ላይ አዙረው። ከዚያ የጂኑን ያህል ውሃ ጨምረህ ድገም፤ ማቃጠሉ ሲለዝብ የተደበቀው ቅመም ይወጣል። ቢደፈርስ የቅመሙ ዘይት ነው እንጂ አልተበላሸም። (የጂኑ ጥድ የቤተ ክርስቲያን ግቢው ጥዳችን አይደለም፤ ዘመድ ቢሆንም ሌላ ዝርያ ነውና ፍሬውን ለቅማችሁ እንዳትዘፈዝፉ።)

ጥዱ ጎልቶ የሚሸት ጂን ሎሚን ይችላል። አበባ አበባ የሚለውን ግን ሎሚ ይውጠዋል፤ ለእሱ ጭማቂውን ወደ 15 ሚሊ ሊትር ዝቅ አድርግ፣ ጣፋጩንም አብረህ ቀንስ።

መደበኛው ልክ ጂን 60፣ የሎሚ ጭማቂ 25፣ ሽሮፕ 20 ሚሊ ሊትር ነው። የአረቄ መለኪያ መጠኑ ከቤት ቤት ስለሚለያይ አትመነው፤ ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይበልጣል። ደረቅ ስኳር ቀዝቃዛ ጂን ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ ታች ይዘቅጣል፤ እኩል ስኳርና ሙቅ ውሃ አስቀድመህ በጥብጥ፣ ሽሮፕ ያልኩህ እሱን ነው። ጎጃም ተቀምጦ በስኳር መድከምስ ምን ይሉታል? ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ሙቅ ውሃ በጥብጠህ ሰፈፉን አጥልል፤ በጂን፣ በሎሚና በማር የሚሠራው ቢዝ ኒዝ የሚባለው ኮክቴል ይሆንልሃል።

አሁን ወደ መራራው። የዘጌም ሆነ የገበያው ሎሚያችን ትንሽና ልጣጨ ስስ ነው፤ ጨምድደህ ስትጨምቀው የልጣጩ ዘይትና ከልጣጩ ሥር ያለው የነጩ መራራ አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ በመዳፍህ ጠረጴዛ ላይ አሽተህ በአግድሙ ቁረጠው፣ ለስለስ አድርገህ ጭመቅ፣ ፍሬው ሳይፈጭ ወዲያው አጥልል። ትናንት የተጨመቀ አትጠቀም፤ እያደረ መራራ ይሆናል። እጅህንም ታጥበህ ፀሐይ ላይ ውጣ፤ ሎሚ የነካው ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል።

ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ሁሉንም ከትልልቅ በረዶ ጋር ከ12 እስከ 15 ሰከንድ በኃይል ናጥ። ደቃቅና የቀለጠ በረዶ መጠጡን ያቀጥነዋል። በረዶውን ከፈላ ውሃ ሥራ፤ ማቀዝቀዣ ጀርም አይገድልም። አጥልለህ ቅዳና ከትርንጎ ልጣጭ ቀጭን ቁራጭ ከላዩ ጠምዝዝበት፤ ሽታው ከሎሚው ልጣጭ ይልቃል።

በጂኑ ፈንታ ዳግም አረቄ ብታደርግ ጥድ ስለሌለው ሌላ መጠጥ ነው የሚሆነው። አውጪውን የማታውቀውን አረቄ ደግሞ ጨርሶ አትሞክር፤ ሜታኖል የሚባለው ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል መርዛማ አልኮል በምላስ አይለይም።