መቅኒው ንጹህ ነው ከተባለ ኬሞው ለምን ይቀጥላል?

እህቴ፣ የ13 ዓመት ልጅሽ ከመጀመሪያው ዙር ኬሞ በኋላ መቅኒው ንጹህ ነው ተብሎ ሳለ፣ ለምን ሌላ ዙር እንደሚጨመርና ለምን ወደ ቤት እንደማይላክ ጠይቀሻል። የእኔም ልጅ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ይሄው ኤኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ይዟት ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

በማይክሮስኮፕ ንጹህ የሚመስል መቅኒ ውስጥ የተደበቁ የካንሰር ሴሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሕክምናው እዚህ ላይ ከቆመ በሽታው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዙር ይሰጣል። ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው ሌላው ዓይነት የደም ካንሰር ካለባቸው ልጆች ጋር አታወዳድሪው። የእነሱ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የእኛ በወራት ያልቃል፣ ግን እያንዳንዱ ዙር በጣም ከባድ ነው።

ሐኪሙን የካንሰር ሴሎቹ የጄኔቲክ ምርመራ ምን እንዳሳየ ጠይቂው፤ መብትሽ ነው። ክሮሞሶም (ጂኖችን የሚይዝ የሴል ክፍል) 8 እና 21 ቁራጭ ተለዋውጠው ከተገኙ ብዙ ጊዜ ኬሞ ብቻውን ይበቃል። ኤፍኤልቲ3 የሚባለው ጂን ላይ ለውጥ ካለ ግን የመቅኒ ንቅለ ተከላ ጉዳይ ሊነሳ ይችላል። ያኔ መቅኒ መለገስ ይችሉ እንደሆነ ለማየት ወንድም እህቶቹም ይመረመራሉ።

ሆስፒታል የሚያቆዩት በኢንፌክሽን ምክንያት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን ከካንሰሩ በላይ ያስጨነቀኝ ትኩሳት ነበር። አንድ ማታ ልጄ ስትስቅ አምሽታ፣ ሌሊት ላይ ብርድ ልብስ ደራርባም ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ቴርሞሜትሩ 38.4 አለ። ነርሷ ደም ቀዳች፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሳትጠብቅ አንቲባዮቲኩን ሰካችላት። በኋላ እንደነገሩን ባክቴሪያው የገባው ከአፏ ነው። ኬሞው ጉንጯን አቁስሎት ነበር፤ ነጭ የደም ሴሏ ደግሞ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ይህ ቤት ሆነን ቢደርስ ምን እንሆን እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

ስለዚህ አፉን በለስላሳ ብሩሽ አጽጂለት። ወደ ቤት ስትሄዱም ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ሰጥተሽ «እስኪ ጠዋት ይታይ» አትበይ። በሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ሂጂ።

ሽንቱ ቀላ ብለሽ ደንግጠሽ ከነበር፣ ምክንያቱ ዳውኖሩቢሲን ወይ መሰሉ ቀይ የኬሞ መድኃኒት ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። እነዚህ መድኃኒቶች ልብን ስለሚነኩ የልብ አልትራሳውንድ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ይቀጥላል። የእኔ ልጅ አሁንም ትታያለች።

ቀጣዩ ዙር ከፍተኛ መጠን ያለው ሳይታራቢን የሚባል የኬሞ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ የዓይን ጠብታ ይታዘዝለታል። ሳይታራቢኑ ዓይንን በጣም ያቃጥላል። ሰዓቱ ሲደርስ ተኝቶም ቢሆን ቀስቅሰሽ ጠብታውን አድርጊለት።