ለማታው ዳገት የትኛው ባትሪ?

ጥያቄ፦ ብስክሌቴ ላይ ባለ 48 ቮልት፣ 500 ዋት የጎማ ሞተር ገጥሜያለሁ። ቤቴ ፒያሳ፣ ሥራዬ ለገሃር ነው። አጎቴ ጋ የመኪና ባትሪ ተቀምጧል፤ እሱ ይሆናል? ወይስ አራት የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው መሣሪያ) ባትሪ ልግዛ? ሊትየም ውድ ሆነብኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መንገድህን መናገርህ በጣም ጠቅሞኛል። ጠዋት ቸርችልን ቁልቁል ስትወርድ ማንኛውም ባትሪ ያደርስሃል። ፈተናው ማታ ዳገቱ ላይ ነው። ባትሪህን ለዚያ ሰዓት ምረጥ።

አንተና ብስክሌቱ 100 ኪሎ ብትሆኑ፣ 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ሞተሩ የሚያባክነውን ጨምሮ ወደ 40 ዋት ሰዓት ይበቃል። ትንሽ ነው። ስለዚህ ብዙ የሚይዝ ባትሪ አያስፈልግህም። የሚያስፈልግህ በአንዴ ብዙ አምፔር የሚሰጥ ነው። ዳገት ላይ የእንዲህ ያለ ሞተር ኮንትሮለር (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) 20 አምፔር ድረስ ሊስብ ይችላል። ያንተ ላይ የተጻፈውን እየው።

የመኪናውን ባትሪ ተወው። ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ነው፤ በየቀኑ እየተራገፈ ሲሞላ ቶሎ ይሞታል። ለዚያውም 48 ቮልት ለማግኘት አራት ትፈልጋለህ።

የዩፒኤሱ ይሠራል፤ እኔ ግን አልመክርህም። ባለ 12 አምፔር ሰዓቱ (አምፔር ሰዓት ባትሪው የሚይዘው መጠን ነው) አራቱ ወደ 16 ኪሎ ይመዝናሉ። ያ 12 የተለካው በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲራገፍ ነው። 20 አምፔር ስትስብበት የምታገኘው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ባዶውን ካሳደርከው ደግሞ ይበላሻል።

ምርጫዬ ሊትየም አይረን ፎስፌት ነው፤ 16 ሴል፣ 10 አምፔር ሰዓት። ለመንገድህ ይበቃል፣ ከትልቁም ይረክሳል። መብራት ሌሊቱን ቢጠፋ እንኳ በማግስቱ አትቸገርም። ቢኤምኤሱ (ሴሎቹን ከመጠን በላይ ከመሞላትና ከመራገፍ የሚጠብቀው ሰርኪዩት) 30 አምፔር የሚችል፣ ሴሎቹም ያለማቋረጥ 20 አምፔር የሚሰጡ ይሁኑ። ሳትከፍል ሚዛን ላይ አውጣው። 3 ኪሎ ብቻ ከሆነ ላዩ ላይ የተጻፈው አምፔር ሰዓት ውሸት ነው። ከላፕቶፕ የተፈታ ሴል ርካሽ ነው ቢሉህ እሺ አትበል፤ እኩል ያላረጁ ሴሎች አብረው ሲሠሩ ደካማው ይጎዳል፣ እሳትም ሊያመጣ ይችላል።

ቻርጀሩ ለዚሁ ባትሪ የተሠራ፣ 58.4 ቮልት ላይ የሚያቆም ይሁን። በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ባለ 30 አምፔር የዲሲ ፊውዝ አስገባ። ሌሊት በር ሥር ሰክተህ አትተኛ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር መውጫህ እሱ ነው።