መልስ፦ የፓዮን ክምችት በተለመደው የኒውክለስ እፍጋት ላይ ለምን ወጣብኝ?
ስሌትዎ በተለመደው የኒውክለስ እፍጋት፣ ማለትም በ0.16 ኑክሊዮን (ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) በኪዩቢክ ፌምቶሜትር ላይ፣ የፓዮን ክምችት (በኑክሊዮኖች መካከል ኃይል የሚያስተላልፉት ፓዮን የተባሉ ቅንጣቶች በአንድ ሁኔታ በብዛት መከማቸት) ያሳየው፣ ኑክሊዮኖች በአጭር ርቀት የሚገፋፉበትን ኃይል ስላላስገቡበት ነው። የፒ-ዌቭ መሳሳብ (በፓዮንና በኑክሊዮን መካከል ያለው፣ ከሞመንተም ጋር የሚያድገው መሳሳብ) ብቻውን ከተተወ የፓዮኑን ኢነርጂ ያለልክ ያወርደዋል፤ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የእርሳስ ኒውክለስ እንኳ ክምችቱን ባሳየን ነበር። ይህን መገፋፋት የሚወክለውን የላንዳው-ሚግዳል ጂ-ፕራይም የተባለ ቁጥር 0.6 ወይም 0.7 አድርገው ሲጨምሩ ክምችቱ የሚጀምርበት ወሰን ከዚያ እፍጋት በላይ ይወጣል። ፍለጋውንም በዜሮ ሞመንተም ብቻ አይወስኑት፤ መሳሳቡ እዚያ ይጠፋል።

ደሴ ላሉት ተማሪዎችዎ ከማቅረብዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በሚቀርቡልኝ ስሌቶች ውስጥ ደጋግሜ የማየው ስህተት ነውና። የፓዮኑ ኢነርጂ ዜሮ የሚደርስበት እፍጋት ወደ ክምችት የሚደረገው ሽግግር መነሻ የሚሆነው ሽግግሩ ሁለተኛ ኦርደር (ያለ ዝላይ ቀስ በቀስ የሚመጣ) ሲሆን ብቻ ነው። አንደኛ ኦርደር (በዝላይ የሚመጣ) ከሆነ ለውጡ ቀድሞ ስለሚጀምር፣ የሁለቱን ፌዞች (ክምችት ያለበትንና የሌለበትን ሁኔታ) ነጻ ኢነርጂ ማወዳደር ግድ ይላል።