መልስ፦ የኢቺሮ ሱዙኪ ሂት 3,089 ነው ወይስ 4,367?

ለሚጽፉት የሕይወት ታሪክ ካገኟቸው ሁለት ቁጥሮች የትኛው ትክክል እንደሆነ ጠይቀዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጃፓናዊው የቤዝቦል ተጫዋች ኢቺሮ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2000 በጃፓን ለኦሪክስ ብሉዌቭ ሲጫወት 1,278 ሂት (ኳሱን መትቶ ቢያንስ የመጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ማረፊያ፣ ላይ በሰላም የደረሰበት ምት) መትቷል፤ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ ሜጀር ሊግ 3,089 ስለጨመረ ድምሩ 4,367 ይሆናል። ስለዚህ ስለ ሜጀር ሊግ ብቻ ሲጽፉ የመጀመሪያውን፣ ስለ ሙያ ዘመኑ በሙሉ ሲጽፉ ሁለተኛውን ይጠቀሙ።

ጃፓናውያን ለምን ይህን ያህል እንደወደዱት ላነሱት ጥያቄ ግን ቁጥር ብቻውን መልስ አይሆንም። በጥር 1995 ኮቤ በርዕደ መሬት ከፈራረሰች በኋላ መቀመጫው በዚያ የነበረው ኦሪክስ ለከተማዋ የማበረታቻ ቃል በማሊያው እጅጌ ላይ አድርጎ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት ከጃፓን ሁለት ሊጎች አንዱ የሆነውን የፓሲፊክ ሊግን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የአገሪቱን የፍጻሜ ውድድር የጃፓን ሲሪስን ሲያሸንፍ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ በሁለቱም ዓመታት የተመረጠው ወጣቱ ኢቺሮ ነበር። ይህ በጽሑፍዎ ሰፊ ቦታ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የስፖርት ጽሑፎችን ሳርም ደጋግሜ ከማየው ስሕተት ግን ይጠንቀቁ፦ «የፒት ሮዝን (የሜጀር ሊግ የሂት ክብረ ወሰን ባለቤት የሆነውን አሜሪካዊ) የ4,256 ሂት ክብረ ወሰን ሰበረ» ብለው አይጻፉ፤ ሜጀር ሊግ በጃፓን የተመታውን አይቆጥርምና። ይህ ማለት የጃፓኑ ውጤት ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ በእሱ ዘመን እዚያ በዓመት የሚደረገው ጨዋታ 130 ገደማ ሲሆን በአሜሪካ 162 ነበር። ያለ ክርክር የሰበረው ክብረ ወሰን፣ ጆርጅ ሲስለር በ1920 ያስመዘገበውን የ257 ሂት የአንድ ዓመት ውጤት በ2004 በ262 ያለፈበት ነው።